የሻወር ውሃ አልወርድ ሲል፦ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር የዋለ ሰው ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ቤት ስትገቡ ከምሳም ከቡናም በፊት የሚያምራችሁ ሻወር ነው። ቧንቧውን ስትከፍቱት ግን ውሃው ክር ያህል ቀጥኖ ግድግዳውን ተከትሎ ይወርዳል። ሳሙናው ከፀጉር አይለቅም። ኢንስታንቱም፣ ውሃውን እዚያው የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ አልበራም ብሎ ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ጎረቤቱም፣ አከራዩም፣ ዕቃ ሻጩም የሚሰጡት ምክር አንድ ነው። «ፓምፕ ግዛና ተገላገል!» እኔ በዚህ አልስማማም። ፓምፕ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው። የሻወሩ ራስ በተደፈነበት፣ ቧንቧው በጠበበበት ወይም ቫልቩ በግማሽ በተዘጋበት ቤት ፓምፕ መግጠም ብር ማባከን ነው። ይባስ ብሎ መብራት የጠፋ ዕለት ያቺው የነበረችው ክርም ልትቀር ትችላለች።

ስለዚህ ከርካሹ ጀምረን ወደ ውዱ እንሄዳለን። ብዙዎቻችሁ መሃል ላይ «ወራጅ አለ» ብላችሁ ትቀራላችሁ ብዬ አስባለሁ። መጨረሻ ላይ ሐይቁ ዳር ለሚያድሩና መኪናቸው ላይ ሻወር ለሚገጥሙ የሚሆን ነገር አስገብቻለሁ።

ግፊቱ የሚመጣው ከከፍታ ነው

ሮቶ ያለበት ቤት ውስጥ ሻወሩን የሚገፋው የውሃው ብዛት አይደለም። ከፍታው ነው። የ2000 ሊትር ሮቶና የ500 ሊትር ሮቶ ውስጥ ያለው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ከሆነ ግፊታቸውም እኩል ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ግፊት ይሰጣል። አንድ ሜትር 0.1 ባር ማለት ነው።

አሁን የራሳችሁን ቤት አስሉ። የሮቶው ቂጥ ከመሬት 4 ሜትር ላይ ነው እንበል። የሻወሩ ራስ 2 ሜትር ላይ ተሰቅሏል። ልዩነቱ 2 ሜትር ስለሆነ ያላችሁ ግፊት 0.2 ባር ነው። ሮቶው ሙሉ ሲሆን አንድ ሜትር ገደማ ይጨምርላችኋል፤ እየጎደለ ሲሄድ ይቀንሳል። ጠዋት ደህና የነበረው ሻወር ማታ የሚደክምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከተማዋ ደግሞ ሜዳ ናት። ከቤዛዊት ኮረብታና ከጥቂት ቦታ በቀር ተፈጥሮ የሰጠችን ዳገት የለም። እዚህ ከፍታ የሚገኘው በብረትና በሲሚንቶ ነው። ስለዚህ ያለችንን ሁለት ሜትር መንገድ ላይ እንዳናባክናት መጠንቀቅ አለብን። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሥራ ሁሉ ዓላማው ይኸው ነው።

አንደኛ፦ ለኩ

«ውሃው ደካማ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። ባለ 10 ሊትር ባልዲና የስልካችሁን ሰዓት ያዙ። ሻወሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱና ባልዲው በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ለኩ። ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ከሆነ በደቂቃ ከ7 እስከ 10 ሊትር እያገኛችሁ ነው። ይህ ደህና ሻወር ነው። ከሁለት ደቂቃ በላይ ከወሰደ በደቂቃ 5 ሊትርም አልደረሰም፤ ሥራ አለባችሁ። ባልዲ ከሌለ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይሆናል፤ ደህና ሻወር በ15 ሰከንድ አካባቢ ይሞላዋል።

ቁጥሩን ጻፉት። ከዚያ የሻወሩን ራስ ፈታችሁ አውጡና ባዶውን ቧንቧ እንደገና ለኩ። ይህች ልኬት ከሁሉም ትበልጣለች። ራሱ ሲወጣ ውሃው በደንብ ከጨመረ ጥፋተኛው ተገኝቷል ማለት ነው። ልዩነት ከሌለ ችግሩ ከኋላ ነው።

ቀጥላችሁ የሚከተሉትን እዩ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ደህና ሆኖ ሻወሩ ብቻ ከደከመ፣ ችግሩ ወደ መታጠቢያ ቤት በሚሄደው መስመር ላይ ነው። ቀዝቃዛው ደህና ሆኖ ሙቁ ብቻ ከቀጠነ ቦይለሩን፣ የቦይለሩን መግቢያ ቫልቭ ወይም ሚክሰሩን (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለውን) ጠርጥሩ። ሻወሩ ደህና ቆይቶ ሌላ ሰው ወጥ ቤት ውስጥ ቧንቧ ሲከፍት ከሞተ፣ የጋራው ቧንቧ ጠቧል። ውሃው እየተፋ፣ እየተቆራረጠ ከመጣ አየር ገብቷል። በሁሉም ቦታ፣ በሁሉም ሰዓት እኩል ከደከመ ደግሞ ወደ ሮቶው ውጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሩ፦ ሻወራችሁ የሚያገኘው ከሮቶ ነው ወይስ በቀጥታ ከመንግሥት ውሃ? አንዳንድ ቤት ሁለቱም መስመር አለው። ቀጥታው ላይ ከሆናችሁ ግፊቱ እንደ ፈረቃው ይለዋወጣል፤ ሌሊት ጎረቤቱ ሲተኛ ይጠነክራል፣ ጠዋት ሁሉም ሲከፍት ይሞታል። እንዲህ ባለው ቤት ሌሊት ሮቶውን መሙላትና ሻወሩን ወደ ሮቶ ማዞር የተሻለ ነው።

ሁለተኛ፦ የሻወሩን ራስ አጽዱ ወይም ቀይሩ

ውሃችን በብዛት ከምንጭና ከጉድጓድ የሚመጣ ነው። ማዕድን አለው። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ፣ ያው ቅርፊት የሻወሩን ቀዳዳዎችም ይዟቸዋል ማለት ነው።

መድኃኒቱ አቼቶ ነው። ራሱን ፍቱት፤ ጨርቅ ጠቅልላችሁበት በፒንሳ ብታዞሩት ክሮሙ አይላጥም። ጎማዋን እንዳትጥሏት። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ አቼቶ እስኪሸፍነው ጨምሩና ሁለት ሦስት ሰዓት ተዉት። አቼቶ ከሌለ የሎሚ ጭማቂም ይሠራል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት፤ የቀሩትን ቀዳዳዎች በመርፌ ውጉ። መልሳችሁ ከመግጠማችሁ በፊት ቧንቧውን ባዶውን ለጥቂት ሰከንድ ክፈቱት፤ ውስጡ ያለው አሸዋ ይውጣ። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ጠቅልሉና በእጅ አጥብቁ።

መፈታቱ የማይመች ከሆነ አቼቶውን ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ራሱ ላይ በላስቲክ እሰሩለትና እንዲሁ ይደር።

አሁን ወደ ሌላው ጉዳይ። ከውጭ የመጣ ዘመድ «ምርጥ ነው» ብሎ የሚያመጣው የሻወር ራስ ብዙ ጊዜ ለኛ ቤት አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ራስ በሕግ በደቂቃ ከ9.5 ሊትር በላይ እንዳያፈስ ተደርጎ ይሠራል። ያ ልኬት የተወሰደው ግን በ5.5 ባር ነው። በኛ 0.2 ባር ላይ ሲገጠም በደቂቃ ሁለት ሊትር እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ጥፋቱ የዘመድ አይደለም፤ ዕቃው ለሌላ ግፊት ተሠርቶ ነው። ራሱን ስትፈቱት መግቢያው ላይ መሃሏ የተበሳ ትንሽ ፕላስቲክ ካገኛችሁ፣ ውሃ የምትቆጥበው እሷ ናት። በመርፌ ወይም በቀጭን ካቻቪቴ ትወጣለች። ውሃ የሚታደለው በፈረቃ ስለሆነ ቁጠባው ክፉ አይደለም፤ ግን በ0.2 ባር ላይ ሌላ ቆጣቢ አያስፈልግም።

ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ጠፍጣፋ ራስም ያው ነው። ፎቶ ላይ ያምራል። ያቺኑ ውሃ ለመቶ ቀዳዳ ሲያከፋፍላት ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ ያንጠባጥባል። ግፊት ለሌለው ቤት ፊቱ ትንሽ፣ ቀዳዳው ጥቂትና ሰፋ ያለ ራስ ግዙ። የውሃው መጠን ባይጨምርም ገላ ላይ ሲያርፍ ይጠነክራል።

ኢንስታንት ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ኢንስታንት የሚበራው ውሃው ውስጡ ያለውን ስስ ጎማ ሲገፋው ነው። ግፊት ካነሰ ጎማው አይገፋም፤ ስለዚህ ዕቃው ሳይበላሽ «አልሞቅ አለ» ይባላል። ካርቶኑ ውስጥ አብሮ የሚመጣ የውሃ መቀነሻ ያላቸው ዓይነቶች አሉ፤ የሚገባው ግፊት ለበዛበት ቤት ብቻ ነው። ገጣሚው ሳያስብ አስገብቶት ከሆነ አስወጡት። ግን ብሬከሩን ሳታጠፉ ኢንስታንት እንዳትነኩ። ቀልድ የለውም።

ሦስተኛ፦ ቫልቮቹን፣ ማጣሪያውንና ሮቶውን እዩ

ከሮቶው እስከ ሻወሩ ያሉትን ቫልቮች አንድ በአንድ ተከተሉ። የሮቶው መውጫ ላይ፣ ቤቱ መግቢያ ላይ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ፣ ቦይለሩ ሥር ይገኛሉ። ባለ መዘውር ጌት ቫልቭ ካረጀ፣ መዘውሩ እየዞረ ውስጡ ያለው በር ሳይነሳ ሊቀር ይችላል። ከውጭ ክፍት ይመስላል፤ ከውስጥ በግማሽ ዝግ ነው። እንዲህ ያለውን አውጥታችሁ ባለ እጄታ ቦል ቫልቭ አስገቡ። እጄታው ከቧንቧው ጋር ትይዩ ሲሆን ክፍት፣ ሲያቋርጠው ዝግ ነው፤ አያታልልም። ሲገዙ ቀዳዳውን በዓይን ማየት ደግ ነው። በውጭ እኩል የሚመስሉ ቦል ቫልቮች በውስጥ የቀዳዳቸው ስፋት ይለያያል።

ሚክሰሩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ከሆነ መጋጠሚያው ውስጥ ወንፊት ያለው ጎማ ሊኖር ይችላል። አሸዋ የሚጠራቀምበት አንዱ ቦታ እሱ ነው።

ከዚያ ሮቶው ላይ ውጡ። ክዳኑን ክፈቱና ሰው ሻወሩን እንዲከፍት አድርጉ። ክዳኑ ሲከፈት ውሃው ከጠነከረ ምስጢሩ አየር ነው። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ክዳኑ በፌስታል ሲታሸግ፣ ውሃው ሲወጣ ቦታውን የሚተካ አየር ያጣል፤ ስለዚህ አልወጣም ይላል። አየር መግቢያውን በፌስታል ሳይሆን በጥሩ ወንፊት ሸፍኑት። ወባ ባለበት ከተማ ክፍት መተውም ልክ አይደለም፤ ትንኝ ትራባበታለች።

የሮቶው ቂጥ ላይ ደለል ካለ አጽዱት። ውሃውን አውርዳችሁ፣ ጥጋጥጉን አጥባችሁ፣ እንደገና ስትሞሉ ለ1000 ሊትር አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሩ። ሁሉንም ቧንቧ የበረኪና ሽታ እስኪመጣ ክፈቱና ዝጉ፤ አሳድሩት። ጠዋት ሙሉውን አፍስሱ። በዚያ ውሃ ማንም እንዳይጠጣ፣ እንዳይታጠብ ለቤተሰቡ ንገሩ።

አራተኛ፦ የታሰረውን አየር አውጡ

ውሃ ጠፍቶ ሮቶው ደርቆ ሲመለስ ቧንቧው ውስጥ አየር ይታሰራል። በተለይ ቧንቧው ወደ ኮርኒስ ወጥቶ እንደገና የሚወርድ ከሆነ፣ አየሩ ከፍተኛው ቦታ ላይ ይቀመጥና ውሃውን ያግደዋል። ሁለት ሜትር ግፊት ይህን አየር ለመግፋት ይቸግረዋል።

ሮቶው ሲሞላ ከቤቱ ዝቅ ብሎ ያለውን ቧንቧ፣ ብዙ ጊዜ የግቢውን፣ እስከ መጨረሻ ክፈቱት። መትፋቱን ትቶ ወጥ ሆኖ እስኪወርድ ተዉት። ከዚያ ወደ ሻወሩ ሂዱ፤ ራሱን ፈታችሁ ክፈቱት። በየሳምንቱ የሚደጋገም ከሆነ ግን በሽታው ሥር የሰደደ ነው። ከሮቶው መውጫ ቫልቭ አለፍ ብሎ ቲ (ሦስት አፍ ያለው መጋጠሚያ) አስገብታችሁ፣ ከሮቶው አናት ከፍ የሚል ቀጥ ያለ ቧንቧ አቁሙ። ጫፉ ወደ ታች ይታጠፍ፤ ወንፊት ይኑረው። አየሩ በሱ ይወጣል።

አምስተኛ፦ ቧንቧውን አስፉ

ብዙ ቤት ያለው ትልቁ ችግር ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ውሃ በቧንቧ ሲሄድ ከግድግዳው ጋር ይፋተግና ግፊቱን ያጣል። የሚያጣው መጠን ከቧንቧው ስፋት ጋር ያለው ዝምድና የሚያስደነግጥ ነው፦ ስፋቱ በእጥፍ ሲጨምር ብክነቱ ወደ ሠላሳ እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ትንሽ ማስፋት ብዙ ያተርፋል።

ገበያ ላይ ያለው ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ 20፣ 25፣ 32 እየተባለ ይሸጣል። ይህ ቁጥር የውጭው ስፋት ነው እንጂ የውስጡ አይደለም። ወፍራሙ ባለ 20 ፒፒአር ውስጡ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ባለ 25ቱ 16.6፣ ባለ 32ቱ ደግሞ 21 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ግንበኛ ከሮቶው ጀምሮ ቤቱን በሙሉ በ20 ያስኬደዋል፤ ርካሽ ነዋ።

በደቂቃ 8 ሊትር በ20 ፒፒአር ውስጥ ስናሳልፍ፣ 10 ሜትር ቧንቧ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይበላብናል። ያለን ሁለት ሜትር መሆኑን አስታውሱ። ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። በ25 ብናደርገው ብክነቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይቀንሳል። በ32 ከሆነ ከአሥር እጥፍ በላይ ይቀንሳል፤ ከናካቴው ባይቆጠር ይቀላል። ኤልቦም (ቧንቧውን የሚያጥፈው መጋጠሚያ) ይቆጠራል። እያንዳንዱ ኤልቦ ግማሽ ሜትር ቧንቧ ያህል ይበላል። አሥር ቦታ የተጠመዘዘ መስመር አምስት ሜትር የተጨመረበት ያህል ነው።

ታዲያ ቤቱ ሁሉ ይፈርስ ማለት አይደለም። ግድግዳ ውስጥ የገባችውን የመጨረሻዋን ሁለት ሜትር ተዉአት። ከሮቶው መውጫ አንስቶ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ድረስ ያለውን፣ በውጭ የሚታየውን መስመር ብቻ በ32 ቀይሩ። ሮቶው መውጫ ላይ ያለው መጋጠሚያና ቫልቭም አብሮ ይስፋ፤ አለበለዚያ በጠባብ በር የሚገባ ሰፊ አዳራሽ ሠራችሁ ማለት ነው። የሻወሩን መስመር ከወጥ ቤቱ መለየት ከተቻለ ደግሞ እሰየው፤ ሰው ዕቃ ሲያጥብ ሻወራችሁ አይሞትም።

ፒፒአር በሙቀት ነው የሚበየደው። ሠራተኛው ሲበይድ አብዝቶ ከገፋው የቀለጠው ፕላስቲክ ውስጡን ያጠብበዋል። «ወንድም፣ አንዷን ቆርጠህ አሳየኝ» ማለት ነውር የለውም። ጥሩ ሠራተኛ አይቆጣም።

የቤታችሁ ቧንቧ አሮጌ ጋልቫናይዝድ ብረት ከሆነና ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ቡናማ ከሆነ፣ ዝገቱ ውስጡን አጥብቦታል። እሱን ለማጽዳት መድከም ዋጋ የለውም። ቀይሩት።

ስድስተኛ፦ ሮቶውን ከፍ አድርጉ

ማማውን በሁለት ሜትር ብትጨምሩት የሁለት ሜትሯ ግፊት አራት ትሆናለች። ግፊቱ በእጥፍ ጨመረ ማለት ውሃው በእጥፍ ይወርዳል ማለት ግን አይደለም፤ 40 በመቶ ገደማ ነው የሚጨምረው። ለዚህ ነው ከፍ ከማድረግ በፊት አስፉ ያልኩት።

ጥንቃቄው ክብደቱ ላይ ነው። 2000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው። ባሕር ዳር ዙሪያ ዋልካ አፈር ብዙ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ የቆመ እግር ይዘማል። መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ጠንካራ መሬት ላይ ይረፍ፤ እግሮቹ በኮንክሪት ይታሰሩ። የሮቶው ቂጥ ሙሉውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ማረፍ አለበት፤ ሁለት ብረት ላይ ብቻ ከተቀመጠ ፕላስቲኩ ጎብጦ ይቀደዳል። ባዶ ሲሆን ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ እንዳይወስደው እሰሩት። ጭቃ ግድግዳ ላይ ሮቶ እንዳትጭኑ። የብረቱን ስፋትና የመሠረቱን ጥልቀት በግምት አትወስኑ፤ የሚያውቅ ባለሙያ ያስላው።

ተከራይ ከሆናችሁ ይህ የአከራዩ ሥራ ነው። ልኬታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «ጋሼ፣ ባልዲው በሦስት ደቂቃ ነው የሚሞላው፤ ቧንቧው ቢሰፋ በአንድ ደቂቃ ተኩል ይሞላል» ያለ ተከራይና «ውሃው አስቸገረን» ያለ ተከራይ እኩል አይሰሙም።

ሰባተኛ፦ አሁን ፓምፑ

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ካልበቃ ፓምፕ ይገባል። ሁለት ዓይነት ምርጫ አላችሁ።

ለአንድ ሻወር ብቻ ከሆነ ትንሿ፣ ድምፅ የሌላት፣ ከ100 እስከ 200 ዋት የምትበላው ትበቃለች። 10 ሜትር ገደማ ከፍታ ትጨምራለች፤ ካላችሁ ሁለት ሜትር ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው። በራሷ የምትነሳው ውሃ ሲንቀሳቀስ ስለሆነ ግን መጀመሪያ በስበት ትንሽ ውሃ መውረድ አለበት። ጭራሽ የማይወርድ ከሆነ አትነሳም። ለመላው ቤት ከሆነ ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበቱ ይሻላል፤ 35 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከ3 ባር በላይ ይሰጣል። ይህን ከመግጠማችሁ በፊት የቦይለሩን የግፊት መጠን ታርጋው ላይ አንብቡ፣ ደህንነት ቫልቩ መሥራቱን አረጋግጡ። ለ0.2 ባር የኖረ አሮጌ መጋጠሚያ በ3 ባር ሲያፈስ ብታዩ አይግረማችሁ።

ፓምፑ የሚቀመጠው ከሮቶው በታች፣ ውሃው በራሱ የሚወርድለት ቦታ ነው። የመሬት ታንከር ያላችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙት። ፓምፕ ውሃ የሚስበው የአየር ግፊት እየገፋለት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየራችን የሳሳ ነው። በባሕር ወለል ላይ በንድፈ ሐሳብ 10 ሜትር የሚስብ ፓምፕ እዚህ 8 ሜትር ላይ ይቆማል፤ በተግባር ከ5 እና 6 ሜትር በላይ አትመኑት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካው እኛ ከተማ አይደለም።

ሲገጠም አራት ነገር እንዳይቀር። ግራና ቀኙ ላይ ዩኒየን (ቧንቧ ሳይቆረጥ የሚፈታ መጋጠሚያ) እና ቦል ቫልቭ፤ ሲበላሽ ቤቱ ሳይደርቅ እንዲፈታ። ሮቶው ውስጥ ተንሳፋፊ ማጥፊያ፤ ውሃ ሲያልቅ ደርቆ እንዳይቃጠል። መሬት የተቀበረ ኧርዝ ሽቦና የራሱ ብሬከር። አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ ፓምፑን አልፎ የሚዞር መስመር። ፓምፑን በጎን የሚያልፍ ቧንቧ ላይ ስፕሪንግ የሌለው፣ በቀላሉ የሚወዛወዝ ቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ግጠሙ። መብራት ሲኖር ፓምፑ ይገፋል፤ ቫልቩ ይዘጋል። መብራት ሲጠፋ ውሃው በጎን በኩል በስበት ይወርዳል። ስፕሪንግ ያለው ከሆነ ያቺኑ ትንሽ ግፊት ይበላዋል።

ፓምፑን በቀጥታ ከመንግሥት መስመር ጋር እንዳታገናኙት። የጎረቤትን ውሃ መንጠቅ ነው። ከዚያም በላይ መስመሩ ባዶ ሲሆን በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል የቦይ ቆሻሻ ይስባል። የሚመጣው በሽታ ለናንተም ለሰፈሩም ነው።

መኪና ላይ ሻወር ለገጠማችሁ

ሚኒባሳቸውን ወይም ፒካፓቸውን አልጋና ሻወር አስገብተው ጎርጎራ፣ ዜጌ ወይም ሌላ የጣና ዳርቻ የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ችግሩ የቤቱ ዓይነት ሆኖ መልኩን ይቀይራል።

መኪናው ጣሪያ ላይ ያለ ታንከር ከሻወሩ ራስ በላይ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ነው የሚቀመጠው። 0.03 ባር ማለት ነው። ከፍታ እዚህ አያድንም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ፓምፑ መጀመሪያ ይገባል። ጀሪካን ውስጥ የምትጠልቀው ትንሽ የ12 ቮልት ፓምፕ ርካሽ ናት፤ ግፊቷ ግን ደካማ ነው። የተሻለችው ውስጧ ባለ ስስ ጎማ ውሃውን የምትገፋ፣ ግፊቱ ሲሞላ በራሷ የምትጠፋው ናት። ከ2.5 እስከ 3.8 ባር ትሰጣለች፤ በደቂቃ 10 ሊትር ገደማ ታሳልፋለች።

እንዲህ ያለች ፓምፕ ያላችሁና ሻወሩ የደከመባችሁ ግን መጀመሪያ ሽቦውን እዩ። ስድስት አምፔር የሚበላ ፓምፕ ከባትሪው አምስት ሜትር ርቆ በቀጭን 1.5 ሽቦ ከተሳበ 0.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። የ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከሆነ የሚጠፋው 0.3 ቮልት አይሞላም። የመኪናው ሞተር ጠፍቶ ሳለ ፓምፑን አዳምጡ፤ የመኪናው ሞተር ሲነሳ የፓምፑ ድምፅ ከቀለጠፈ ችግሩ ባትሪው ወይም ሽቦው ነው። ባትሪው ጋ ፊውዝ አይቅር።

ሁለተኛው መሳቢያው ጎማ ነው። ስስ የአትክልት ጎማ ፓምፑ ሲስበው ይጣበቃል። ወፍራም፣ ክር ያለው ጎማ ተጠቀሙ፤ አጭርና ያልተጣመመ ይሁን። ከፓምፑ በፊት ያለችውን ወንፊት በየጉዞው አጽዱ። ውሃው እየተንቀጠቀጠ ከወጣ፣ ከፓምፑ በኋላ ትንሽ የአየር ታንክ ግጠሙ፤ ያረጋጋዋል።

ከውጭ የመጣ የካምፕ መኪና የያዛችሁ፣ የውጭ ቧንቧ መግቢያው ላይ የግፊት መቀነሻ ሊኖር ይችላል። ሮቶ ላይ ስትሰኩት ምንም የሚቀንሰው ግፊት የለም፤ መንገድ ከማጥበብ በቀር። አውጡት። የመንግሥት ውሃ ላይ ግን መልሱት። ለማንኛውም፣ ሮቶ ባለበት ማረፊያ የራሳችሁን ታንክ ሞልታችሁ በራሳችሁ ፓምፕ መታጠብ ከሁሉም ይሻላል።

የሐይቁን ውሃ በቀጥታ ወደ ሻወር አትሳቡ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚገባው በቆዳ ነው፤ መጠጣት አያስፈልገውም። ሐይቁ ውስጥ እንደ መታጠብ ነው። ሌላ ምርጫ ከጠፋ ውሃውን ቀንድ አውጣ በሌለበት፣ በተከደነ ጀሪካን ሁለት ቀን አሳድሩት፤ ትሉ ሰው ሳያገኝ ከዚያ በላይ አይኖርም። አፍልታችሁ ብታበርዱትም ይሆናል። ለመጠጥ ግን ማሳደሩ ብቻውን አይበቃም። ስትቀዱት በጨርቅ አጣሩት፤ እምቦጭ ባለበት ዳርቻ የሚገባው ሥርና አረንጓዴ ነገር ወንፊታችሁን በአንድ ሻወር ይደፍነዋል።

በደቂቃ 5 ሊትር ለሚያፈስ ሻወር አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ደቂቃ ያስታጥባል። ሲሳሙኑ ቧንቧውን መዝጋት ከቻላችሁ ለሁለት ሰው ይሆናል። የሳሙናውን ውሃ ከዳርቻው ራቅ አድርጋችሁ አፈር ላይ አፍስሱት፤ ዳር ላይ ያለው ሰው ውሃ የሚቀዳው ከዚያው ነው።